«ልጄ፣ አንተ መቼ ጠየቅከኝ?» — ስለ ጦስኝ፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ እና ስለማይለቅ የሳንባ ሕመም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «ዶክተር፣ አስም አለብኝ፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ብወስድ ፓፉን ማቆም እችላለሁ?» «አባቴ ሳንባው ተጎድቷል ተብሏል፤ የሚያጸዳ ቅጠል አለ ብለውናል፣ እንሞክረው?» «ልጄን ማታ ማታ ያፍነዋል፤ ባሕር ዛፍ ባጥነውስ?»

ለእያንዳንዱ በሁለት መስመር ከመመለስ ዛሬ ጊዜ ወስጄ ልጻፍላችሁ አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ቡናውም የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

የሐምሌዋ ሌሊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲወርድ ባደረበት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ስማቸውን ልተወውና እማማ ልበላቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ቃል ተናግረው ሁለተኛውን ለመጨመር አየር ያጥራቸዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ደረታቸውን ሳዳምጥ የለመድኩት ፉጨት እንኳን እምብዛም አይሰማም። እንዲህ ያለው ዝምታ ለእኛ አስፈሪ ነው። ፉጨት የሚሰማው አየር ሲያልፍ ነዋ!

ቀና ብለው ሲያዩኝ አወቅኳቸው። ከሦስት ወር በፊት በተመላላሽ ክፍል ያየኋቸው የራሴ ታካሚ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንጨት እንጀራ እየጋገሩ ልጆች ያሳደጉ፣ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የቆየ አስም አለባቸው፤ የጭሱ ጉዳት ደግሞ በላዩ ላይ ተጨምሯል። ያኔ የመከላከያ ፓፍ አዝዤላቸው፣ «ጠዋትና ማታ ይውሰዱ» ብያቸው፣ ቀጣዩን ታካሚ ጠርቻለሁ። በር ላይ ወረፋው ረጅም ነበር።

ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ኔቡላይዘር ተደጋገመላቸው፤ በደም ሥር መድኃኒት ገባ። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሻቸው ተመለሰ። ያን ጊዜ ልጃቸው ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ነገር ነው። ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። «ፓፉን ትታ ይሄን ነበር የምትወስደው» አለችኝ።

ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። በልጃቸውና በነርሷ ፊት «ይሄ እኮ ነው ሊገድልዎት የነበረው!» አልኳቸው። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዝም አሉ።

በሁለተኛው ቀን ዋርድ ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ፓፉን ለምን ተዉት?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸውና ላንቃቸው ላይ ነጫጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል።

«ያ የሰጠኸኝ ነገር አፌን ላጠው። በርበሬ ያለበት ወጥ መብላት አቃተኝ። ጎረቤቴም ልብ ያደክማል አለችኝ። ማሩ ግን ጉሮሮዬን አሻለው፤ በሱ ዘለቅኩ።»

«ታዲያ መጥተው ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ አንተ መቼ ጠየቅከኝ?»

ያየሁት ነጭ ነገር የአፍ ፈንገስ ነው። የመከላከያ ፓፍ ከወሰዱ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ካልተለመደ ይመጣል። ይህን የመንገር ኃላፊነት የኔ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። የማሩ ጠርሙስ እማማን ሊገድል አልነበረም። ሊገድላቸው የነበረው የፓፉ መቋረጥ ነው። ለመቋረጡ ደግሞ እኔም ድርሻ አለኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች ሌሊት የተማርኩት ነው። ሲጠቃለል ይህን ያህል ነው፦ ብዙው የቤት ውስጥ ባህላዊ መድኃኒት በራሱ አይጎዳችሁም። የሚጎዳችሁ የሳንባ መድኃኒታችሁን ቦታ ሲወስድ ነው። ከሐኪማችሁ ስትደብቁት ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ሳንባ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

«ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ማለታችን ነው።

የመጀመሪያው አስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች ሞተውበታል። በአስም ጊዜ የአየር ቧንቧው ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሆናል። ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ የውስጥ ግድግዳው ይቆጣና ያብጣል፤ ወፍራም አክታ ይሞላዋል። ጡንቻውን ማላላት በደቂቃዎች ይቻላል። እብጠቱ ግን በዝምታ የሚኖር ነገር ነው። ደህና ነኝ ባላችሁበት ቀንም እዚያው አለ።

ሁለተኛው በሕክምናው ሲኦፒዲ የምንለው ነው። ለዓመታት በገባ ጭስ ምክንያት ቧንቧው ይጠባል፤ አየር የሚለዋወጥባቸው ጥቃቅን ከረጢቶችም ይፈርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል። በዓለም ላይ ለሞት ምክንያት ከሆኑት በሽታዎችም አራተኛው ነው። የፈረሰው ከረጢት ተመልሶ አይበቅልም፤ በቅጠልም በክኒንም። ስለዚህ በቲክቶክ ላይ «ሳንባ የሚያጸዳ» ተብሎ የሚሸጥላችሁን ነገር ስታዩ ይህን አስታውሱ። ሳንባ ራሱን የሚጠርግበት ጸጉር መሰል ነገር አለው። ለሱ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ጭሱን ማቆም ነው።

ቅጠልና መድኃኒት ባላንጣ አይደሉም

አንዳንዱ «ሐኪሞች የባህል መድኃኒት ይጠላሉ» ይላል። እኔ ሐኪም ቤት የማዝዛቸው የሳንባ መድኃኒቶች የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር ግን ብዙዎቹ ከቅጠል ይወለዳሉ።

አስተናግርን ታውቁታላችሁ? በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለው፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል። አውሮፓውያን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅጠሉን ከሕንድ በተማሩት መንገድ አድርቀው ለአስም ያጨሱት ነበር። እውነትም የአየር ቧንቧን ይከፍታል። ግን ሰውን ያሳብዳል፤ ልብን ያስሮጣል፤ ይገድላልም። በኋላ ሳይንቲስቶች በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ሲያጠኑ ሳንባ ላይ ብቻ የሚሠሩ ዘመዶቹን ፈጠሩ። ዛሬ በኔቡላይዘር የምንሰጠው አይፕራትሮፒየም እና ለሲኦፒዲ የሚታዘዘው ታዮትሮፒየም የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሰው አሚኖፊሊን የሚባለውን መርፌ ያውቀዋል። መሠረቱ ቲዮፊሊን ነው፤ እሱም መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ከሻይ ቅጠል ነው። ካፌይን ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። እንግዲህ የቡናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአየር ቧንቧን በጥቂቱ፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ እንደሚያሰፋ በጥናት ታይቷል። «ቡና ስጠጣ ደረቴ ቀለል ይለኛል» የሚሉ እናቶች አይዋሹም። ግን ትንሽ ነው፤ እብጠቱንም አይነካም። አሚኖፊሊን ራሱ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ልብን ያዛባል፤ ሰውን ያንዘፈዝፋል። ከአንድ ተክል የሚገኘው ነገር መድኃኒትም መርዝም የሚሆነው በመጠኑ ነው።

በግብፅና በአካባቢው ኬላ የሚባል ተክል ነበር። በሶርያ የተወለደውና ራሱም አስም የነበረበት ዶክተር ሮጀር አልቱንያን ከዚህ ተክል የተነሱ ውሁዶችን በራሱ ላይ እየሞከረ፣ አውቆ ራሱን እያሳፈነ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ክሮሞግላይኬትን አገኘ። ለረጅም ዓመታት የልጆች አስም መከላከያ ሆኖ አገልግሏል።

የኛ አጥር ላይ የሚበቅለው ሰንሰልም አለ፤ አንዳንዱ ስሚዛ ይለዋል። ሕንድ ውስጥ ያለው የሥጋ ዘመዱ ለሳል ሲጠጣ ኖሮ፣ ዛሬ ፋርማሲ የምትገዙት ብሮምሄክሲን የሚባለው የአክታ ማቅጠኛ ሽሮፕ ከዚያ የተነሳ ነው። ይህ ማለት ግን የአጥራችሁን ሰንሰል ቀቅላችሁ ጠጡ ማለት አይደለም። ዘመድ ስለሆነ ብቻ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም።

ያለን እውቀት ሀብት ነው፤ ግን መመዘንና መፈተን አለበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ ዝም ብለው «እንዶድ ቢልሃርዝያን ያጠፋል» አላሉም። ቤተ ሙከራ ገቡ፤ መጠኑን ለኩ፤ ደጋግመው ሞከሩ። የአያቶቻችንን እውቀት ማክበር እንዲህ ነው።

ቤታችን ያሉት አንድ በአንድ

ማር። ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ በጉንፋን ጊዜ የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ለአስምና ለሲኦፒዲ ግን ሕክምና አይደለም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አትስጡ፤ ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ማር ያው ስኳር መሆኑን አትርሱ።

ጥቁር አዝሙድ። ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ስለሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከቤታችን ቅመሞች ውስጥ ለአስም በርከት ያለ ጥናት የተደረገበት እሱ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ለ4 ሳምንት ዘይቱን በካፕሱል የወሰዱ ታካሚዎች አስማቸው በተሻለ ሁኔታ እንደተቆጣጠረላቸው አሳይቷል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ጥናቶቹ ትናንሽና አጫጭር ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰጠው በመደበኛ መድኃኒታቸው ላይ ተጨምሮ እንጂ እሱን አስተክቶ አይደለም። ምግባችሁ ውስጥ ብትጨምሩት አልቃወምም። በፓፋችሁ ምትክ ግን አይሆንም።

ጦስኝ። ከደጋው የሚመጣው የኛ ጦስኝ ሽታው ራሱ ደረት የሚከፍት ይመስላል። የአውሮፓው ዘመዱ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ይገባል። በሻይ መልክ፣ በልኩ ቢጠጣ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ትኩስ ፈሳሹ ራሱ አክታን ለማቅጠን ያግዛል። የቧንቧውን እብጠት ግን አያጠፋም።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ለጉሮሮና ለጉንፋን ስሜት ጥሩ ናቸው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን ነጭ ሽንኩርትን በጥሬው በብዛት፣ በየቀኑ አትውሰዱ፤ የመድማት ዕድልን ይጨምራል። ቃር ያለበት ሰው ደግሞ በነዚህ ነገሮች ቃሩ ሊብስበት ይችላል፤ ቃር ደግሞ አስምን ይቀሰቅሳል።

ጤና አዳም። ቡና ላይ አንድ ቀንበጥ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጭማቂውን በፍጹም አትጠጡ፤ ማኅፀንን ያኮማትራል፤ ፅንስ ሊያስወርድም ይችላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘውም ቆዳን ያቃጥላል።

ዳማከሴ። ምች ሲመታን ሁላችንም ታሽተንበታል፤ እኔም አያቴ በግንባሬ አንጠባጥባልኛለች። የልጅነት ትዝታዬ ነው። ለሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ግን የሚያድን ስለመሆኑ ማስረጃ የለም።

ባሕር ዛፍ። ከቅጠሉ የሚወጣው ሲኒዮል የሚባለው ንጥረ ነገር ተጣርቶና ተመጥኖ በካፕሱል ሲሰጥ ከመደበኛው ሕክምና ጋር የተወሰነ ጥቅም እንዳለው የጀርመን ጥናቶች አሳይተዋል። ቤት ውስጥ የምንታጠነው ግን ያ አይደለም። እንፋሎቱ የተዘጋ አፍንጫን ያቀልላል፤ ቧንቧን ግን አይከፍትም። አንዳንድ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ጠንካራው ሽታ ራሱ ያስነሳበታል። ልጆችን በፈላ ውኃ አታጥኑ! ድስቱ ተገልብጦባቸው ጭናቸውና ሆዳቸው የተቃጠለ ሕፃናትን አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ በትንሹም ቢሆን ልጅ ከዋጠው ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊያስተው ይችላል።

የማይታወቀው ዱቄት

ከላይ ያሉት ቢያንስ ስማቸው የሚታወቅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ስም የሌለው ነው። «ከ20 ዓይነት ዕፅ የተቀመመ፣ አስምን ከሥሩ የሚነቅል» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠው።

አንዳንዱ ሰው ወስዶት በሦስተኛው ቀን «ተአምር ነው፣ ለቀቀኝ» ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ስሰማ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ስቴሮይድ ቀላቅለውበት ይሆን? መጠርጠሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 «ተፈጥሯዊ» ተብለው ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሸጡ በነበሩ ምርቶች ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞን አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታዞን ለአጭር ጊዜ ትንፋሽን ያሻሽላል። ለወራት ሲወሰድ ግን ስኳርና ግፊት ይጨምራል፤ አጥንት ያሳሳል፤ ፊትን ያሳብጣል። ድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ረስቶ ስለሚቆይ ሰውዬው ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ስትወስዱ ቆይታችሁ ከሆነ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት ዕቃውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ስለ ፓፍ የሚወራው

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል።» አያስይዝም። መነጽር የሚያደርግ ሰው የመነጽር ሱሰኛ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። ሕመሙ ስላለ ነው መድኃኒቱ የሚያስፈልገው።

«ልብ ያደክማል።» ሰማያዊው ሳልቡታሞል ከተወሰደ በኋላ ልብ ለጥቂት ጊዜ ድው ድው ሊል፣ እጅም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያልፋል። ልብን በእውነት የሚያደክመው በየሌሊቱ መታፈን ነው።

«ሰማያዊው ይበቃኛል።» ይሄኛው ትልቁ ስህተት ነው። ሰማያዊው ጡንቻውን ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካም። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቅር ያለው። እንደ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ያለ መከላከያ ያስፈልጋል። መከላከያው ሥራውን የሚያሳየው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ «ወሰድኩት፣ ምንም አልተሰማኝም» ብላችሁ አትተዉት። ከወሰዳችሁ በኋላ ደግሞ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ። ለእማማ ያልነገርኳቸውን ለናንተ ደግሜ እነግራችኋለሁ፦ ተጉመጥምጣችሁ ትፉ!

ፓፉን በትክክል መሳብ የሚያስቸግራችሁ ስፔሰር ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃል። ታችኛውን ክፍል በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፤ ፓፉን በቀዳዳው አስገቡና ዙሪያውን በፕላስተር ዝጉት፤ በላይኛው አፉ በኩል ተንፍሱ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በልጆች ላይ ሞክሮ፣ በልኩ የተሠራ የላስቲክ ስፔሰር ከፋብሪካው ስፔሰር እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል።

ጭሱን ሳናነሳ መድኃኒት ማውራት

ብዙ እናቶቻችን ሳንባቸው የተጎዳው በሲጋራ አይደለም። በምጣድ ጭስ ነው። ቅጠል ቀቅለን ለሳንባ እያጠጣን ከሥሩ ቅጠልና ኩበት ብናነድ ምን ዋጋ አለው? በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከተቻለ እሱን የሚያህል የሳንባ መድኃኒት የለም። ካልተቻለ ከቤት ውጭ ወይም በርና መስኮት ከፍቶ፣ እንጨቱን በደንብ አድርቆ ማንደድ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስገቡ።

ዕጣንም ጭስ ነው። ቡና ያለ ዕጣን አይሆንም የሚል ካለ አከብረዋለሁ፤ ግን አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዕጣኑን ውጭ አጭሱት ወይም ለዚያ ቀን ይቅር። «ለደረት ጥሩ ነው» ተብሎ ቅጠል አጭሶ መታጠን ደግሞ የሚያባብስ ነገር ነው፤ ለተቆጣ ቧንቧ ምንም ዓይነት ጭስ መድኃኒት አይሆንም።

ሳል ሁሉ አስም አይደለም

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለባችሁ፣ በተለይ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው። ቲቢን በማርና በዝንጅብል እየሸነገሉ ወራት ማሳለፍ ሳንባን ያፈርሳል፤ ቤተሰብንም ያስይዛል። መድኃኒቱን የጀመራችሁ ደግሞ ያልታወቀ የባህል መድኃኒት አትጨምሩበት። የቲቢ መድኃኒት ጉበት ላይ ጫና አለው፤ ሌላ ሸክም አያስፈልገውም።

ዛሬ ማታ ቢያፍናችሁስ?

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አትተኙ። ሰማያዊውን ፓፍ በስፔሰር አንድ ጊዜ ንፉና ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተንፍሱ። እንዲህ እያደረጋችሁ እስከ 4 ፓፍ ውሰዱ። በደቂቃዎች ውስጥ ካልተሻላችሁ ደግማችሁ እየወሰዳችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እነዚህን ካያችሁ ግን ምንም ሳትጠብቁ ሂዱ፦
• አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር ካቃተው
• ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ
• ከደከመው፣ ከፈዘዘ ወይም ግራ ከተጋባ
• ሕፃን ከሆነ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም መጥባት ካቆመ
• ሰማያዊው ፓፍ እንደ ወትሮው ካላስታገሰው

በዚህ ሰዓት ሻይ ማፍላት፣ ቅጠል መቀቀል፣ «እስኪነጋ ልጠብቅ» ማለት የለም። እማማ ከቤት የወጡት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። «እስኪነጋ እንጠብቅ» ብለው ነበር፤ ልጃቸው ናት እምቢ ያለችው።

እማማ ዛሬ

እማማ አሁንም ይከታተላሉ። ሲኦፒዲው አለ፤ ዳገት ሲወጡ ይቆማሉ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን አንድም ቀን ድንገተኛ ክፍል አልገቡም። ልጆቻቸው አዋጥተው የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙላቸው። ፓፋቸውን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ፤ ይጉመጠመጣሉ። ማታ ማታ የጦስኝ ሻይ በማር ይጠጣሉ። እኔም አውቃለሁ፤ ካርዳቸው ላይም ጽፌዋለሁ።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ማንኛውም የሳንባ ታካሚ ሲገባ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ካልኩ በኋላ «ቤት ውስጥስ ለሳሉ ምን ይጠቀማሉ?» እላለሁ። ድምፄን ሳልቀይር፣ ፊቴን ሳላጠቁር። መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ፤ ቀጥለው ይናገራሉ። አንዳንዱማ ከቦርሳው ያወጣዋል።

እናንተም ሐኪማችሁ ባይጠይቃችሁ እንኳን ንገሩት። ስሙን፣ ምን ያህል እንደምትወስዱ፣ ከየት እንዳገኛችሁት። ቢቆጣም ንገሩት። መድኃኒቱ አፋችሁን ካላጠው፣ ዋጋው ከከበዳችሁ፣ ፋርማሲ ከጠፋም ንገሩት። መፍትሔ የሚገኘው ሲነገር ነው።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ አስም ካለባቸው ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ፓፋቸውን አምጡ በሉና እዩት። አቧራ ጠጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ አትቆጧቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ለምን ተዉት?» በሏቸው።

ይህን ጽሑፍ ለሚጠቅመው ሰው አጋሩ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እየተራመድኩም ቢሆን እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የራሳችሁን ሕክምና ከሐኪማችሁ ሳትመክሩ አትቀይሩ።

ጤና ይብዛላችሁ!